የመጀመሪያው ዝናብ ይለፍ

ኮው ሱቺን ጠዋት ከመደቧ ስትወርድ፣ ጸጉሯን እንኳ ሳትጠቀልል የምታደርገው አንድ ነገር አለ። ነጩን የቆርቆሮ ሳህን ከግድግዳው ሚስማር ታወርዳለች፤ እስከ ግማሹ ውሃ ትቀዳበታለች፤ በሁለት እጇ ይዛ እስከ ደጃፉ ትሄድና የጠዋቱ ብርሃን በሚያገኛት ቦታ ትቆማለች። ከዚያ ሳህኑን በዝግታ አንድ ዙር ታዞረዋለች። ከሥሩ ቀይ ዓሣ ተሥሎበታል። የዓሣው ቅርፊት አንድ በአንድ ከታያት ራሷን ነቅነቅ ታደርግና ውሃውን ማንቆርቆሪያው ውስጥ ገልብጣ እሳቱ ላይ ትጥደዋለች። ዓሣው ደብዘዝ ካለባት ውሃው ለዶሮዎቹ ነው።

የቧንቧ ውሃ እስከ ግቢዋ ከገባ አራተኛ ዓመቱ ነው። ልጇ ቲንግ ለበዓል ከከተማ በመጣች ቁጥር ይህን እያየች ትስቃለች።

«እማዬ፣ የቧንቧ እኮ ነው። መንግሥት አይቶታል።»

«መንግሥት አይቶት ይሆናል» ትላለች ሱቺን፣ ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሳ፤ «እኔ ግን ገና አላየሁትም።»

ሻንግሊያንግ በቢጫ አፈር ተራራ ጀርባ ላይ የተቀመጠች የሃያ ስድስት ቤት መንደር ናት። ወንዝ የላትም። ከገደሉ ሥር አንዲት ምንጭ አለች፤ እሷም መራራ ናት፤ አህያ እንኳ ፊቱን አጨማድዶ ነው የሚጠጣት። ቧንቧው ከመምጣቱ በፊት ውሃ የሚገኘው ከሰማይ ብቻ ነበር። እያንዳንዱ ቤት እንደ አውድማ የተደመደመ ግቢ ነበረው፤ ግቢው ወደ አንድ ጥግ ያዘነብላል፤ ከጥጉ ላይ «ጉሮሮ» የሚሉት ቀዳዳ አለ፤ ከጉሮሮው በታች አንገቱ የጠበበ፣ ሆዱ የሰፋ፣ እንስራ የመሰለ ጉድጓድ ተቆፍሯል። ግቢው ላይ የወረደው ዝናብ በጉሮሮው ገብቶ እዚያ ይተኛል፤ ቤተሰቡም ዓመቱን ሙሉ ከዚያው እየቀዳ ይኖራል። ልጃገረድ ለትዳር ስትጠየቅ አባቷ ስለ መሬትም ስለ በግም አይጠይቅም። «ጉድጓዳችሁ ስንት ነው?» ነው የሚለው። የሱቺን አባት «ሁለት» የሚል መልስ በሰማ ጊዜ የቀረበለትን አረቄ አንስቶ ጨለጠው፤ ነገሩም በዚያው አለቀ። «እኔ እኮ በሁለት ጉድጓድ የተዳርኩ ነኝ» እያለች እስከ ዛሬ ትቀልዳለች።

እንዲህ ባለ አገር እንግዳ ሲመጣ ዳቦ እስኪጠግብ ይበላል፤ ውሃ ሲጠይቅ ግን ቤቱ ጸጥ ይላል። ፊት የሚታጠበው በአንድ ሳህን ነው፤ ሽማግሌው ይጀምራል፣ ልጆች ይከተላሉ፣ ከዚያ እግር ይገባበታል፣ የተረፈው ለአሳማው ይሆናል። በመንደሩ ደግሞ ውሃ በመያዝ የሱቺንን አማት፣ እማማ ዶውን፣ የሚያህል አልነበረም። «የዶው ቤት አሮጊት እንባዋን እንኳ በሳህን ትቀበላለች» ይሏቸው ነበር። እሳቸው ይህን ሲሰሙ አይቆጡም፤ ደረታቸውን ነፋ አድርገው ያልፋሉ።

ሱቺን ሰባተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። በጊዜው ከመንደሩ ሴቶች በመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ያለውን ጽሑፍ የምታነብ እሷ ብቻ ስለነበረች የጤና ጣቢያው ጠራትና አርባ ቀን አስተማራት። ስትመለስ የሙቀት መለኪያ፣ የውሃ ማከሚያ እንክብል፣ ስኳርና ጨው የተቀየጠባቸው ትናንሽ ከረጢቶች፣ አንድ ትልቅ ሥዕልም ይዛ ነበር። ሥዕሉ ላይ አንዲት ቀይ ከናፍር ያላት ሴት ከቧንቧ በሚወርድ ውሃ እጇን በሳሙና ትታጠባለች። ሱቺን ሴቶቹን ሰብስባ ሥዕሉን ስትዘረጋ ተንጫጩ።

«ውሃው ይወርዳል እኮ! ማንም አይቀበለውም?» አለች አንዷ።

«ይቺ ሴትዮ እጇን ያጠበችበት የእኔን ቤት ሳምንት ያከርማል!»

«ባሏ የት ሄዶ ነው ዝም ያላት?» አሉ የጎረቤቱ የጋሼ ፋን ሚስት፣ እትዬ ሹ። ሴቶቹ እርስ በርስ እየተደጋገፉ ሳቁ።

ሱቺንም አብራ ሳቀች። ቤቷ ገብታ ግን ሥዕሉን ጠቀለለችና ብዙ አሰበች። ቀይ ከናፍር ያላት ሴት ሻንግሊያንግን አታውቃትም። ማስተማር ካለባት ከእነዚህ ሰዎች ግቢ ተነስታ ነው ማስተማር ያለባት።

በመንደሩ «የጸደይ ሆድ» የሚባል በሽታ ነበር። በየዓመቱ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ልጆች ሆዳቸው ይላላል፤ አንዳንዶቹ ይድናሉ፣ አንዳንዶቹ ይከሳሉ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ አንዱ አይነሳም። ሰው ሁሉ ይህን እንደ ነፋስና እንደ አቧራ ከወቅቱ ጋር የሚመጣ ነገር አድርጎ ቆጥሮታል። ሱቺንን የገረማት ወንዶቹ አለመታመማቸው ነው። ጋሼ ፋንን ጠየቀቻቸው። ጋሼ ፋን እንደ መንደሩ ወንዶች ሁሉ ጠዋት ጠዋት እሳቱ ዳር ቁጢጥ ብለው፣ ቡጢ በምታህል የሸክላ ማሰሮ ሻያቸውን እያንተከተኩ ነበር።

«የወንድ ሆድ ብረት ነዋ!» አሉ።

«እሺ ጋሼ፣ የእርስዎ ሆድ ብረት ከሆነ የእትዬ ሹስ ምን ሆነ?»

«የሷማ ምላሷ ነው ብረት፤ ሆዷ ድረስ አልደረሰም።»

«እስኪ ለአንድ ሳምንት ሻዩን ይተዉና እንደ ልጆቹ ከባልዲው በጭልፋ ይጠጡ። ብረትነቱን እንየው።»

ጋሼ ፋን ማሰሮዋን በእጃቸው ከለሏት። «ከሻዬ የሚያጣላኝ ሐኪም አልፈልግም!»

ሱቺን መልሷን አገኘች። ወንዶቹን የሚጠብቃቸው ሆዳቸው ሳይሆን የሚያንተከትኩት ማሰሮ ነው። ግን ለስድስትና ለሰባት ሰው የሚበቃ ውሃ ሁሌ ይፍላ ቢባል ማገዶው ከየት ይመጣል? ተራራው ላይ ዛፍ የለም። ያለው ኩበት ነው፤ ኩበቱ ደግሞ ብርድ እንጂ ዝናብ የማያውቀውን ክረምታቸውን መደቡን ከሥር ያሞቃል፣ ድንቹን ይቀቅላል፣ ከዚያ በላይ አይተርፍም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ውሃው ጉድጓድ ከመግባቱ በፊት ምን እንደሚያገኘው ማየት ነበረባት።

በሚቀጥለው ጸደይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ደጃፏ ላይ ቆማ ግቢዋን አየች። ውሃው የሻይ መልክ ይዞ ነው ወደ ጉሮሮው የሚሮጠው። ኩበቱ! ክረምቱን ሙሉ የአህያውና የበጎቹ ኩበት የሚሰጣው እዚያው ግቢ ላይ ነው፤ ከመንደሩ ሁሉ ሜዳውም ፀሐያሙም እሱ ብቻ ነውና። በጸደይ ኩበቱን ያነሱና ግቢውን በመጥረጊያ ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርገው «ጸዳ» ይላሉ። ከስንጥቁ ውስጥ የቀረውን የመጀመሪያው ዝናብ አጥቦ ጉድጓድ ያስገባዋል።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ዝናብ ማሳለፍ ነው፤ ግቢውን አጥቦ በበር ይውጣ፣ ውሃው ሲጠራ ጉሮሮው ይከፈት። ሲናገሩት ቀላል ነው። ክረምቱን ጉሮሮው በድንጋይ ይዘጋል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ የቤቱ ታላቅ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ድንጋዩን በሁለት እጁ ያነሳና «ግባ፤ ቤትህ ነው» ይለዋል። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው። ይህን ዝናብ ከበር መመለስ ከሩቅ የመጣ አባትን ፊት እንደ መንሳት ነበር።

በዶው ቤት ድንጋዩን የሚያነሱት እማማ ዶው ናቸው።

«እብደት ነው!» አሉ ሱቺን ነገሩን ስታነሳባቸው። «ዝናብ ከበር የምትመልስ ምራት! ልጄ ከተማ ወርዶ ጡብ ይሸከማል፤ እዚህ ሚስቱ ውሃ ታባርራለች።»

«እማዬ፣ ያ ውሃ እኮ የአህያው ነው።»

«የአህያው ከሆነ አህያው ያማርር! አንቺን ምን አገባሽ? እኔ በዚህ ውሃ ሰባት ልጅ አሳድጌያለሁ።»

«ያደጉት አምስት ናቸው፣ እማዬ።»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ሱቺን ምላሷን ነከሰች። አሮጊቷ የሚልጡትን ድንች እስኪጨርሱ ድረስ ቀና አላሉም፤ ልጣጩም ከወትሮው እየወፈረ ነበር የሚወድቀው። ከዚያ ቀን በኋላ ስድባቸው ቀነሰ፤ ዝምታቸው ግን ከስድቡ ይከብዳት ነበር።

ይህ ሁሉ የሆነው በትልቁ ድርቅ ዋዜማ ነው። ያለፈው መጸው አልዘነበም። ከዶው ቤት ሁለት ጉድጓዶች አንዱ ተሰንጥቆ ባዶውን ቀርቷል፤ በሌላው ውስጥ ያለው ጉልበት አይደርስም። ጸደዩ ሲቃረብ ሱቺን በየቤቱ እየዞረች «ዘንድሮ የመጀመሪያውን አሳልፉት» ብላ ለመነች። ማን ይሰማታል? ጋሼ ፋን ብቻ መልስ ሰጧት፤ እሱም መልስ ከተባለ።

«አንቺ ጀምሪ። ጉድጓድሽ ደርቆ ልጆችሽ ካላለቀሱ እኛም እንከተላለን።»

«እጀምራለሁ» አለች ሱቺን።

ቤቷ ሄዳ ጭቃ አቦካችና ድንጋዩን ዙሪያውን መረገችው። ውሳኔው ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ዝናቡን አሳልፋ ሌላ ካልመጣ፣ በጋው ሳይገባ ሁለት ልጆች፣ አንዲት አሮጊትና አንድ አህያ ከገደሉ ሥር የመራራውን ምንጭ ሊጠጡ ነው። እሷንም ከዚያ በኋላ በሻንግሊያንግ የሚሰማት ሰው አይኖርም፤ የጸደይ ሆድም እንደ ልማዱ ልጅ ይመርጣል። እማማ ዶው ምርጉን ቆመው አዩት። «ዝናቡ ሲመጣ እንተያያለን» ብለው ገቡ።

የሙታን መቃብር የሚጠረግበት በዓል ባለፈ በዘጠነኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ደመናው ከተራራው ጀርባ ተነሳ። ያን ቀን በዶው ግቢ የሆነውን መንደሩ የሚያውቀው በጋሼ ፋን ዓይን ነው። ጋሼ ፋን የራሳቸውን ጉሮሮ ከፍተው «ግባ» ካሉ በኋላ አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ነበር። ታሪኩን በየሰርጉና በየለቅሶው ሲያወሩት ሃያ ዓመት አለፋቸው።

«በዓይኔ በብረቱ! አሮጊቷ ድንጋዩ ላይ ተደፍታለች፤ ሱቺን ደግሞ ብብቷን ይዛ ትጎትታለች። ሁለቱም ጭቃ በጭቃ፤ ሁለቱም ይጮኻሉ፤ ነጎድጓዱ ምን እንደሚሉ አያሰማኝም። አሮጊቷ ያን ድንጋይ ብትነቅለው ኖሮ አለቀልን! ምራቷ ግን ብረት ናት። ድንጋዩ ንቅንቅ ሳይል ዝናቡ ሁሉ በበር ወጣ።»

እማማ ዶው ይህ ሲወራ ከተገኙ «እጄን ባትይዘኝ ነቅዬ እጥለው ነበር» ይሉ ነበር። ሱቺን ዝም ትላለች።

ያን ዕለት ግን ማንም አልሳቀም። ውሃው ግቢውን አጥቦ፣ ጠቁሮ፣ ከዚያ ቢጫ ሆኖ፣ ከዚያ መጥራት ሲጀምር ዝናቡ ቆመ። ልክ በሩ ላይ እንደ ተሰናበተ ሰው ቀጥ አለ። ሃያ አምስት ቤት ጉድጓዱ ውስጥ የሚተኛ ውሃ አገኘ። የዶው ቤት አንድ ባልዲ እንኳ አላገኘም።

ሁለተኛው ዝናብ ሳይመጣ ሠላሳ ሦስት ቀን ቆየ።

በመጀመሪያው ሳምንት መንደሩ ሳቀባት። ልጆች በደጇ ሲያልፉ «ግባ፤ ቤትህ አይደለም!» እያሉ ይሮጣሉ። እትዬ ሹ ባልዲያቸውን ሆን ብለው ሞልተው እየተንጠባጠበ በፊቷ ያሳልፉታል። ሱቺን አንገቷን ደፍታ የቀራትን ውሃ በጭልፋ እየለካች አዋለች። በሁለተኛው ሳምንት ሳቁ ቆመ። የጸደይ ሆድ ገባ፤ እንደዚያ ዓመት ያለ ደግሞ ታይቶ አያውቅም። አሥራ ዘጠኝ ልጅ ተኛ። የሱቺን ሁለት ልጆች ግን ግቢው ውስጥ አህያውን ያሯሩጣሉ።

ከሁሉ የባሰባት የጋሼ ፋን የልጅ ልጅ፣ የአምስት ዓመቷ ያያ ነበረች። ሱቺን ስትደርስ የልጅቱ ዓይን ገብቷል፤ የእጇን ቆዳ ቆንጠጥ ስታደርገው እንደ ጨርቅ ታጥፎ ይቀራል። የስኳርና የጨውን ከረጢት አወጣች። የሚበጠበጥበት ንጹህ ውሃ ግን በፋን ቤት የለም፤ በሌላውም ቤት የለም፤ የገባው ውሃ ገና አልጠለለም፣ የማከሚያ እንክብሉም ካለቀ ቆይቷል። ጠልሎ የከረመ ንጹህ ውሃ ያለው በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ እሱም ከጉልበት በታች ነው።

ወደ ቤቷ ሮጠች። ልትናገር አፏን ስትከፍት እማማ ዶው ገመዱን ይዘው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

«ውሰጂ!» አሏት ባልዲውን እየጎተቱ። «ውሰጂ! ቤቴን አራግፊው! ነገ ልጆችሽን ምን እንደምታጠጪ አያለሁ!» እንዲህ እያሉ ባልዲውን እስከ አፉ ሞሉት። በማግስቱም ተሳደቡ፤ በማግስቱም ሞሉት።

ሱቺን ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ከቤት ቤት ዞረች። ታፈላለች፣ ታቀዘቅዛለች፣ ትበጠብጣለች፣ በማንኪያ ታጠጣለች፣ እናቶቹ ቀጥለው እንዲያጠጡ ታሳያቸዋለች። ውሃው ለምን እንደሚፈላ፣ ጭልፋው ለምን መሬት ላይ እንደማይቀመጥ፣ ልጅ ያጸዳ እጅ ሊጥ ከመንካቱ በፊት ለምን በአመድና በአንድ ጉንጭ ውሃ እንደሚታሽ ነገረቻቸው። ቀይ ከናፍሯን ሴት ማንም አላነሳም። በሁለተኛው ቀን ወደ ማታ ያያ ዓይኗን ከፍታ «እማማ ሹ፣ ድንች» አለች። እትዬ ሹ የሱቺንን እጅ ይዘው ግንባራቸው ላይ አሳረፉት። የብረቱ ምላስ ያን ቀን እምቢ አለ።

ከአሥራ ዘጠኙ ልጆች አንድም አልሞተም።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ፋን መጥረጊያ በትከሻቸው አድርገው የዶው በር ላይ ቆሙ። ሻያቸውን ገና አልጠጡም።

«ሱቺን» አሉ፣ መሬት መሬቱን እያዩ፤ «ኩበቱን የት ልውሰደው?»

«ከቤቱ ጀርባ፣ ጋሼ። ከግቢው ውጪ ይሁን እንጂ የትም ይሁን።»

«ከቤቱ ጀርባ ፀሐይ አይደርስም እኮ።»

«ትንሽ ቆይቶ ይደርቃል።»

«እኔስ እስኪገባኝ ስንት ጊዜ ፈጀሁ» ብለው ሄዱ። እኩለ ቀን ላይ መንደሩ በአቧራ ተሸፈነ። ሃያ አምስት ቤት ግቢውን ይጠርጋል፣ ስንጥቁን ይደፍናል፣ ለሚመጣው ዝናብ ጉሮሮውን ይዘጋል።

ዝናቡ ግን አልመጣም። በሃያ ስምንተኛው ቀን የእማማ ዶው ባልዲ ጭቃ ይዞ ወጣ። የዶው ቤት ውሃ አለቀ፤ ያለቀውም በአሥራ ዘጠኝ ልጆች ሆድ ነው። ሱቺን አህያውን ጭና ወደ መራራው ምንጭ ልትወርድ ስትነሳ አንዲት ጎረቤት በር ላይ አገኘቻት። በጨርቅ የተጠቀለለ ማንቆርቆሪያ ታቅፋለች።

«አፍልቼዋለሁ» አለች ጎረቤቷ፣ እንደ ልጅ እያፈረች። «እንዳልሽው ሲንተከተክ ቆይቷል። እስኪ እጅሽን አስጠጊው፤ ገና ትኩስ ነው።»

ከሰዓት ሌላ ቤት መጣ። በማግስቱ ሦስት ቤት። ማንም ሰብስቦ አላዘዛቸውም፤ ተራውን በመካከላቸው ያዙት። ለመደብ የቆጠቡትን ኩበት አንድደው፣ በጉድጓዳቸው ያለውን ውሃ አፍልተው፣ አምስት ቀን ሙሉ የዶውን ቤት አጠጡ። ሱቺን ስለዚያ አምስት ቀን ሲነሳ ድምጿ ይለወጣል። «የየትኛው ቤት እንደሆነ በጣዕሙ አውቀው ነበር» ትላለች። «የፋን ቤት ውሃ የሻይ ጢስ አለው። የጉዎ ቤት ማንቆርቆሪያ ድንች ይቀቀልበታል፤ ውሃውም ድንች ድንች ይላል። ደግሞ አንዲት መበለት ነበረች፤ የሷን ውሃ ቡናማ ስኳር ጣል አድርጋበት ነው የምታመጣው፤ ለራሷ ልጅ እንኳ የማይተርፋትን ስኳር። በዚህ አገር ሰው ዳቦ ቢሰጥሽ ደግ ነው ትያለሽ። ውሃ ሲሰጥሽስ ምን ትያለሽ? እኔ እስከ ዛሬ ቃሉን አላገኘሁትም።»

በሠላሳ ሦስተኛው ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ዘነበ። ሃያ ስድስት ቤት ደጃፉ ላይ ወጥቶ ቆመ፤ ሃያ ስድስቱም ጉሮሮ ዝግ ነበር። ውሃው ከየግቢው በየበሩ እየወጣ ጎዳናው ላይ ተገናኘና ቁልቁል መውረድ ጀመረ። በሻንግሊያንግ ጎዳና ላይ ውሃ ሲሮጥ ማንም አይቶ አያውቅም፤ እንዲህ ያለ ድምፅም ሰምቶ አያውቅም። ልጆቹ አብረውት እየሮጡ ይጮኻሉ። ትላልቆቹ ወንዶች ግን ቀብር ላይ እንደቆመ ሰው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ያዩታል። አንድ ሽማግሌ አላስቻላቸውም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«አሁንስ?» ይላሉ ጋሼ ፋን ከአጥሩ ላይ።

«ገና ነው፣ ጋሼ።»

«አሁንስ ልጄ? አንጀቴ ተቆረጠ እኮ!»

ሱቺን ከግቢዋ ወራጅ ውሃ በእጇ ዘገነችና አየችው። የመዳፏ መስመር በውሃው ውስጥ ጥርት ብሎ ታያት።

«ክፈቱ!» አለች።

«ክፈቱ!» ብለው ጋሼ ፋን ጮኹ፤ ቃሉ ከአጥር አጥር እየዘለለ እስከ መንደሩ ጫፍ ደረሰ። ሃያ ስድስት ሰው ባንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን አነሳና «ግባ፤ ቤትህ ነው» አለ። እማማ ዶውም አሉት፤ ከሁሉም ድምፅ የሳቸው ይሰማ ነበር። ዝናቡም ያን ጊዜ አልቸኮለም። እስከ ማግስቱ ጠዋት ሲወርድ አደረ።

ከዚያ ወዲህ በሻንግሊያንግ የመጀመሪያው ዝናብ ያልፋል። ሌሎች መንደሮችም እየመጡ አዩ፤ ሱቺንም በአህያ ጀርባ እየሄደች አሳየች። ይህን ሥራ ከጀመረች ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ቀይ ከናፍሯን ሴት አንድም ቀን አልዘረጋቻትም። መጀመሪያ የምትጠይቀው «ኩበታችሁን የት ነው የምታሰጡት?» ብላ ነው። ሰዎች ሲያመሰግኗት ወደ ጎረቤቶቿ ትጠቁማለች፤ «እኔን ያኖሩኝ እነሱ ናቸው» ትላለች። ያያ አሁን የሁለት ልጆች እናት ናት።

እማማ ዶው ከዚያ ዝናብ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖረው ሞቱ። ለቅሶው ላይ ጋሼ ፋን ተነስተው «አንዲት ጠብታ ከእጇ ያላመለጠች ሴት» ሲሏቸው ሰው ሁሉ እያለቀሰ ሳቀ። ያ ስም የሳቸው ኩራት ነበር። ሊሞቱ በተቃረቡ ጊዜም ሱቺንን አስጠግተው «ስሜን እንዳትነኪብኝ» ብለው አስምለዋታል። ለዚህ ነው ሱቺን ይህን ለምትጽፈው ሴት ያለፈውን ሁሉ ተርካ ስታበቃ አንድ ነገር እንዲቀር የለመነችው። «ሌላውን ሁሉ ጻፊው» አለች፣ ጣቶቿን እርስ በርስ እያፍተለተለች፤ «ይሄን ብቻ ተዪው። ቃል ገብቼላቸዋለሁ።»

እንዲቀር የለመነችው ይህን ነው።

በዚያ የመጀመሪያ ዝናብ ቀን፣ የመጀመሪያው ጠብታ ግቢውን ሲመታ፣ የሱቺን ልብ ከዳት። ልጆቿ ታዩዋት፣ የተሰነጠቀው ጉድጓድ ታያት፤ አርባ ቀን የተማረችው ሁሉ ከራሷ ጠፋ። ድንጋዩን ልትነቅል ሮጠች። አማቷ ቀድመዋት ነበር። እማማ ዶው ድንጋዩ ላይ ዘርፈጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ጸጉራቸው ተፈትቶ ፊታቸው ላይ ተለጥፏል።

«ይነሱ እማዬ! ይግባ! ተሳስቻለሁ፣ ይግባ!» ብላ ሱቺን ብብታቸውን ይዛ ጎተተቻቸው። አሮጊቷ በሁለት እጃቸው ድንጋዩን አቅፈው ተደፉበት።

«አሳወቅሽኝ እኮ!» ብለው ጮኹባት በነጎድጓዱ መሐል። «ያወቅሁትን መልሼ የት ልጣለው? ቁጭ በይ!»

ሱቺን ለቀቀቻቸው። አጠገባቸው ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ውሃው በበሩ ወጥቶ እስኪያልቅ ድረስ አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው የምራታቸውን እጅ ጨብጠው ነበር።